ችሎት የገባ ልጅ እና ችሎት የገባው ልጅ

በኖቬምበር 1993 በእንግሊዟ ፕሬስተን ከተማ ያለው የወንጀል ፍርድ ቤት አንድ ያልተለመደ ማስተካከያ አደረገ። የተከሳሾች መቆሚያ ወለል ከፍ እንዲል ተደረገ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ተከሳሾቹ አጭር ነበሩ። ሁለቱም የ11 ዓመት ልጆች ናቸው። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ፣ ገና 10 ዓመታቸው ሳለ፣ ጄምስ በልገር የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን ሊቨርፑል አጠገብ ካለ የገበያ ማዕከል ወስደው ገድለዋል ተብለው ነው የቀረቡት። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሮቹ ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ የኛዎቹን «ዓ.ም.» እንልላቸዋለን።) አገሩ በቁጣ ነድዷል፤ አዳራሹ በጋዜጠኛና በተመልካች ተጨናንቋል። ወለሉ ከፍ ያለው ልጆቹ የሚካሄደውን ማየት እንዲችሉ ነው።

ክርክሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ልጆቹ ጥፋተኛ ተባሉ። በኋላ ግን ከሁለቱ አንዱ ለባለሙያ ሲናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩን አይከታተልም ነበር፤ በልቡ ቁጥር ይቆጥራል፣ በጫማው ቅርጽ ይሠራል። ጉዳዩ ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱም በዲሴምበር 1999 ልጆቹ ፍትሐዊ ዳኝነት አላገኙም ሲል ወሰነ። ጎበዝ ጠበቆች ነበሯቸው፤ ጠበቆቹም በሹክሹክታ ሊያናግሯቸው በሚችሉበት ርቀት ተቀምጠው ነበር። ግን ልጆቹ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ከጠበቃ ጋር ተመካክረው በክርክሩ ሊሳተፉ የሚችሉ አልነበሩም። ከፍ የተደረገው ወለል እንኳ፣ ለበጎ ታስቦ ቢሆንም፣ የበለጠ እንዲሸማቀቁ ነው ያደረጋቸው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር የተመቸ ግስ አለው፤ «ገባ» የሚለው። ልጁ ችሎት ገባ። ነገሩ ደግሞ ለልጁ ገባው፣ ወይም አልገባውም። ችሎት የገባ ልጅ እና ችሎት የገባው ልጅ አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት «ው» ናት። ይህችን «ው» ለማየት የሠለጠኑት አገሮች ፍርድ ቤቶች መቶ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው ብንላችሁ አታምኑን ይሆናል። እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው።

በመጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎችን እንለይ። አንደኛው ስለ ትናንት ይጠይቃል፤ ልጁ ድርጊቱን ሲፈጽም የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ? ሁለተኛው ስለ ዛሬ ነው፤ አሁን በእሱ ላይ እየተደረገ ያለውን ያውቃል ወይ? አንድ ልጅ የሰው መስኮት በድንጋይ መስበር ጥፋት መሆኑን አሳምሮ ሊያውቅ ይችላል። ዐቃቤ ሕግ ማን እንደሆነ፣ «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት ምን እንደሚያስከትል ግን ላያውቅ ይችላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ጥንታዊ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ የሕግ ሊቅ ዊሊያም ብላክስቶን ጽፎ ባስቀመጠው መሠረት፣ በእንግሊዝ ሕግ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ7 እስከ 14 ያለው አያውቅም ተብሎ ይገመታል፣ ዐቃቤ ሕግ ያውቅ እንደነበር ማስረዳት ግን ይችላል፤ ከ14 በላይ ያለው እንደ አዋቂ ነው። ይህ ሁሉ ስለ ትናንት ነው። ስለ ዛሬ የጠየቀ አልነበረም።

ልጆችን ከአዋቂዎች ለይቶ የሚዳኝ ፍርድ ቤት የመጣው በ1899 ነው። ቦታው ቺካጎ። ጄን አዳምስና ጁሊያ ላትሮፕን የመሰሉ ሴቶች፣ ሕፃናት ከጎልማሳ ወንጀለኞች ጋር በአንድ እስር ቤት መታጎራቸው አንገብግቧቸው ነበርና የኢሊኖይ ግዛት ሕግ እንዲያወጣ ገፋፉ። አዲሱ ፍርድ ቤት ራሱን የቆጠረው እንደ ፍርድ ቤት ሳይሆን እንደ አባት ነው። በዚያው ችሎት ያስቻሉት ዳኛ ጁሊያን ማክ በ1909 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ፣ ዳኛው ከከፍታው ወርዶ ከልጁ ጎን እንዲቀመጥ፣ አልፎ አልፎም ትከሻውን አቀፍ እንዲያደርገው ይመክራሉ። ጠበቃ አያስፈልግም፤ ክርክር የለም። አባት ልጁን ሲገሥጽ ማን ጠበቃ ያቆማል?

በዚያው በ1909 ቺካጎ ላይ ሌላ ትልቅ ነገር ሆነ። ዊሊያም ሂሊ የተባለ ሐኪም ከፍርድ ቤቱ ጋር የሚሠራ የልጆች የሥነ ልቦና ምርመራ ተቋም አቋቋመ። ከግሬስ ፈርናልድ ጋር ሆነው በየቀኑ የሚመጡትን ልጆች መረመሩ፣ ለኩ፣ ጠየቁ፣ መዘገቡ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ወደ ልጆች ችሎት በር የገባው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ባለሙያው ይዞት የገባው ጥያቄ ግን «ይህ ልጅ ለምን አጠፋ? ምን ብናደርግለት ይሻለዋል?» የሚል ነበር። «ይህ ልጅ እዚህ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ገብቶታል?» ብሎ የጠየቀ የለም። ለምን ይጠይቃል? አባት ዘንድ የቀረበ ልጅ ምን የሚገባው ነገር አለ? «እሺ» ይበል እንጂ!

ይህ «የአባትነት» ሕልም የተሰበረው በአንድ የስልክ ጥሪ ነው። በጁን 1964 በአሪዞና ግዛት ጌራልድ ጎልት የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ለጎረቤት ሴት ስልክ ደውሎ ነውረኛ ነገር ተናግሯል ተብሎ ተያዘ። እናትና አባቱ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ልጃችሁ ተይዟል ብሎ የነገራቸው ባለሥልጣን አልነበረም። በነጋታው ዳኛው ፊት ቀረበ። ጠበቃ የለም፣ የተጻፈ መዝገብ የለም፣ ከሳሿ ሴትዮ እንኳ አልመጣችም። በመጨረሻም 21 ዓመት እስኪሞላው ወደ ማረሚያ ትምህርት ቤት ይግባ ተባለ። እስከ ስድስት ዓመት ማለት ነው። ያንኑ ጥፋት አንድ ጎልማሳ ቢያጠፋ ኖሮ ቅጣቱ ከ5 እስከ 50 ዶላር፣ ወይም ከሁለት ወር የማይበልጥ እስር ነበር። የአባት ቁጣ ከዳኛ ቅጣት ከበደ።

በሜይ 1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነገሩን ገለበጠው። ልጅ መሆን መብት የለሽ መሆን አይደለም አለ። ከእንግዲህ ልጅ ሲከሰስ ክሱ ለእሱና ለወላጆቹ ይነገራል፤ ጠበቃ ያገኛል፤ ምስክሮችን መስቀለኛ ይጠይቃል፤ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ስለ ልጆች ዳኝነት የሚነሣ ክርክር ሁሉ ወደዚህ ውሳኔ ይመለሳል።

ግን ልብ በሉ! መብት ሲመጣ ሸክምም ይመጣል። ጠበቃ የማግኘት መብት ያለው ልጅ ጠበቃው ለማን እንደሚሠራ ማወቅ አለበት። ዝም የማለት መብት ያለው ልጅ ዝምታው እንደማያስቀጣው ማመን አለበት። ለአዋቂዎች ይህ ጥያቄ መልስ ነበረው፤ በ1960 ዓመት ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደስኪ በተባለ የአእምሮ ሕመምተኛ ጉዳይ ላይ መለኪያ አስቀምጧል። ሰው ለፍርድ የሚቀርበው ከጠበቃው ጋር በማስተዋል መመካከር ከቻለ፣ ክሱንም በቃል ብቻ ሳይሆን በትርጉሙ ከተረዳ ነው። መለኪያው ሲወጣ የታሰበው ግን ለታመመ አዋቂ ነው። ጤነኛ ሆኖ ገና ያልበሰለ ልጅስ? እዚህ ላይ ሕጉ ዝም ብሎ ነበር።

ዝምታውን ከሰበሩት አንዱ ቶማስ ግሪሶ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። በ1981 ባሳተመው ሥራ ፖሊስ ለተያዘ ሰው የሚያነበውን የመብት ማስጠንቀቂያ ልጆች እንዴት እንደሚረዱት አጠና። ከ15 ዓመት በታች ያሉት አብዛኞቹ በደንብ አልተረዱትም። ይበልጥ የሚገርመው የአለመረዳታቸው ዓይነት ነው። ብዙዎቹ «መብት» ማለት ትልቅ ሰው የሚሰጥህ፣ ሲፈልግ ደግሞ የሚነሣህ ፈቃድ ይመስላቸዋል። እንደ ዕረፍት ሰዓት ማለት ነው፤ ደወሉ እስኪደወል ያንተ ነው።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ዘወር ብለው «ገብቷችኋል?» ሲሉ ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» የሚልበት አገር ልጆች ነን። ያ «አዎ» ገባኝ ማለት እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን፣ አስተማሪውም ያውቃሉ። ትልቅ ሰው ሲጠይቅ የሚሰጥ የጨዋ ልጅ መልስ ነው። አሁን ያንኑ «አዎ» ዳኛ ፊት አስቡት።

የ1990ዎቹ አሜሪካ ደግሞ ይህን ሁሉ ለመስማት ጊዜ አልነበራትም። የወጣቶች ወንጀል አስደንግጧት፣ አብዛኞቹ ግዛቶች ልጆችን በአዋቂ ፍርድ ቤት ለመክሰስ የሚያቀልሉ ሕጎች አወጡ። እንግሊዝም ብትሆን ከ10 ዓመት በላይ ያለ ልጅ «አያውቅም ተብሎ ይገመታል» የሚለውን የቆየ ከለላ በ1998 ሰረዘች። ጥያቄው ሥጋና ደም ለብሶ የመጣው በዚህ መካከል ነው።

በጁላይ 1999 በፍሎሪዳ ግዛት ሊዮኔል ቴት የተባለ የ12 ዓመት ልጅ የስድስት ዓመት ልጅ የሆነችውን ቲፋኒ ዩኒክን ደብድቦ ገደላት። ጠበቆቹ በቴሌቪዥን የሚያየውን የትግል ጨዋታ ሲኮርጅ ነው ብለው ተከራከሩ። ዐቃቤ ሕግ ከፍርዱ በፊት ድርድር አቀረበ፤ ጥፋቱን ካመነ ሦስት ዓመት በወጣቶች ማረሚያ ይቆያል፣ ከዚያ አሥር ዓመት በገደብና በክትትል ይኖራል። ልጁና እናቱ እምቢ አሉ። በጃንዋሪ 2001 በአንደኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛ ተባለ። በማርች፣ በ14 ዓመቱ፣ አመክሮ የሌለው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ሦስት ዓመትን እምቢ ብሎ ዕድሜ ልክን የተቀበለ ልጅ! አዋቂ ቢሆን «ቁማር ተጫወተ፣ ተበላ» እንል ነበር። ግን ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጅ «ዕድሜ ልክ» ማለት ምንድን ነው? በዲሴምበር 2003 የፍሎሪዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ይግባኝ ሰሚዎቹ ልጁ ነጻ ነው አላሉም። ዕድሜው ያ ሆኖ፣ ክሱ ያን ያህል ተወሳስቦ ሳለ፣ ሂደቱን የመረዳት ብቃቱ ባለመመርመሩ ዳኝነቱ ጉድለት አለበት ነው ያሉት። በጃንዋሪ 2004 ቴት ቀድሞ እምቢ ያለውን ድርድር ተቀብሎ ወጣ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ያምር ነበር፤ ግን አላበቃም። በ2005 አንድ ፒዛ አድራሽ በመሣሪያ ዘረፈ ተብሎ ተያዘ፤ የገደቡን ግዴታ በመጣሱም በ2006 የ30 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይህን የምንጽፈው ለማሳዘን አይደለም። የብቃት ጥያቄ ልጁ መልአክ ነው ወይስ ሰይጣን የሚል ጥያቄ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ቲፋኒም ሞታለች፤ እሷን የሚመልስ ምርመራ የለም። ጥያቄው ፍርድ ቤቱ ራሱ ፍርድ ቤት ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። የማይገባው ልጅ ላይ የሚሰጥ ፍርድ፣ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ልጁ በሌለበት እንደተሰጠ ይቆጠራል። አካሉ አለ፤ እሱ ግን የለም።

ፍሎሪዳ ፍርዱን በሻረችበት ዓመት የግሪሶና የሥራ ባልደረቦቹ ትልቅ ጥናት ወጣ። በአራት የአሜሪካ አካባቢዎች ከ11 እስከ 24 ዓመት የሆናቸው 1,400 የሚጠጉ ወጣቶች ተጠየቁ፤ ገሚሶቹ የታሰሩ፣ ገሚሶቹ ያልታሰሩ። ውጤቱ እንዲህ ነው። ከ11 እስከ 13 ዓመት ካሉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ፣ ከ14 እስከ 15 ካሉት ደግሞ አንድ አምስተኛ ያህሉ፣ ክስን የመከታተል ብቃት የለውም ሊባል ከሚችል የአእምሮ ሕመምተኛ አዋቂ ጋር በሚመሳሰል ደረጃ ላይ ነበሩ። 16 እና 17 ዓመት የሞላቸው ግን በዚህ መለኪያ ከወጣት አዋቂዎች አይለዩም። ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ይልቅ «ለፖሊስ ሁሉን ተናገር» ወደሚለው ምርጫ ያዘነብሉ ነበር። ትልቅ ሰው ጠየቀ፣ ልጅ መለሰ!

ታዲያ ምርመራው ምን ይመስላል? ደም አይቀዳም፣ ጭንቅላት ላይ ሽቦ አይለጠፍም። ዋናው ጨዋታ ነው። ባለሙያው ከልጁ ጋር ተቀምጦ ይጠይቃል። ዳኛ ምን ይሠራል? ዐቃቤ ሕጉ ካንተ ጋር ነው ወይስ ካንተ ተቃራኒ? ለጠበቃህ የነገርከውን ሄዶ ለዳኛ የሚናገር ይመስልሃል? ድርድር ቢቀርብልህ ምን ታገኛለህ፣ ምን ታጣለህ? ልጁ ካላወቀ ባለሙያው ያስተምረዋል፤ ትንሽ ቆይቶም «እስቲ በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ይለዋል። «አዎ» አይበቃም። ከዚያ የትምህርት ቤት መዝገብ ይታያል፣ ወላጅ ይጠየቃል፣ የሕክምና ታሪክ ይገለጣል። ሪፖርቱ ለዳኛው ይቀርባል፤ ውሳኔው ግን የባለሙያው አይደለም፣ የዳኛው ነው።

«ልጁ አስመስሎ ቢያታልልስ?» የሚል ይኖራል። ይህን ለማጣራት ነው ባለሙያው የልጁን መልስ ከመዝገቡና ከወላጅ ቃል ጋር የሚያስተያየው። «ተበዳይስ?» የሚለው ግን ከባድ ጥያቄ ነው። ብቃት የለውም ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ክሱ ይቆማል፣ ልጁ እንዲረዳ ይሠለጥናል፣ ከገባው ክሱ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ሌላ አደጋ አለ፤ «እስኪገባው» እየተባለ ልጁ ታስሮ ሊረሳ ይችላል። ለዚህ አሜሪካኖች የ1972ቱን የጃክሰን ውሳኔ ይጠቅሳሉ። ጃክሰን መስማትም መናገርም የማይችል፣ የአእምሮ ዕድገቱ እንደ ሕፃን የነበረ ጎልማሳ ነው። በድምሩ 9 ዶላር በሚያወጣ ሁለት ዘረፋ ተከስሶ፣ ብቃት እስኪያገኝ በሚል ያለ ገደብ ተያዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ብቃት ስለሌለው ብቻ ሰውን ላልተወሰነ ጊዜ መያዝ አይቻልም አለ። አለመብሰል ደግሞ ኪኒን የለውም፤ መድኃኒቱ ጊዜ ነው። ካሊፎርኒያ ይህን ተቀብላ፣ መጀመሪያ በ2007 በይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎም በ2010 በወጣ ሕግ፣ ልጅ ያልታመመ ቢሆን እንኳ ባለመብሰሉ ብቻ ብቃት ሊጎድለው እንደሚችል አወቀች።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የኛ ሕግ ለልጅ ጨካኝ ነው ብንል ሐሰት ነው። በስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ የወጣው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል እንዳይጠየቅ፣ ከ9 እስከ 15 ያለውም ከአዋቂ ተለይቶ እንዲታይ ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም እነዚህኑ ዕድሜዎች ይዞ ቀጠለ። ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። የ1954 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ ሲወጣ የልጆች ጉዳይ በዝግ ችሎት፣ ከመደበኛው ሥርዓት ቀለል ባለ አኳኋን እንዲሰማ አዟል። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 54 ባለሙያም ተጠርቷል። ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና አኗኗር ወላጆቹንና ትምህርት ቤቱን መጠየቅ፣ ልጁ በተቋም ገብቶ እንዲመረመርም ማዘዝ ይችላል። ግን ጥያቄውን ልብ በሉት፤ ምን ዓይነት ልጅ ነው? ምን ውሳኔ ይበጀዋል? ይህ በ1909 ቺካጎ ላይ ሂሊ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ልጁ የሚካሄደው ገብቶታል?» የሚለው፣ በአንቀጹ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

መሠረቱ ግን አለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ያዛል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ያልገባው ሰው ላይ ክርክር አይካሄድም። እስቲ አንድ አፉን በአማርኛ የፈታ የአሥር ዓመት ልጅ አስቡ። ዳኛው ከፍ ካለው ወንበር ሆነው «የእምነት ክህደት ቃልህን ስጥ» ይሉታል። እያንዳንዷን ቃል ያውቃታል። «እምነት» ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ያውቀዋል። «ክህደት»ም ከዚያው ነው፤ ከባድ ኃጢአት ነው። ታዲያ «ክጃለሁ» ብሎ ክህደት ይፈጽም? ወይስ እንደ ጨዋ ልጅ «አምኛለሁ» ይበል? ይህ ልጅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም የሚል ካለ፣ ቋንቋ ማለት ሰዋስው ብቻ የመሰለው ሰው ነው።

እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር «ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ተጠይቆ ድርጊቱን ማመኑ ታውቋል» የምትለውን ዓረፍተ ነገር በቃላችን ይዘናታል። ለሁሉም ዜና ትሆናለች። የሕግ ተማሪዎች፣ ወጣት ጠበቆች፣ ዘጋቢዎች፣ ከእንግዲህ ይህች ዓረፍተ ነገር በልጅ ስም አጠገብ ስትመጣ እናቁማት። ዳኛውን ለመሳደብ አይደለም፣ ጥፋቱንም ለማቅለል አይደለም። አንዲት ጥያቄ ብቻ እንጨምርባት፤ ልጁ ያመነው ምን እንደሆነ በራሱ አነጋገር ተናግሯል? ካልተናገረ፣ ያ «አዎ» የስልሳ ልጅ «አዎ ቲቸር» ነው። በዚያ መልስ የክፍል ፈተና ሊታለፍ ይችላል፤ የአንድ ልጅ ዕጣ ግን ሊወሰንበት አይገባም።